አንድ ጥሩምባ ለአርባ አፍ

አናጢውን እናት አባታቸው ባወጡላቸው ስም የሚጠራ ሰው በሰፈሩ ውስጥ አልነበረም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በኳስ ሜዳ ጥሩምባ ሲነፉ ስለኖሩ ትልቁም ትንሹም «ጋሽ ጥሩምባ» ይላቸዋል፤ እሳቸውም ስሙን ከወደዱት ቆይተዋል። በዚያ ዓመት ቡድናቸው በባሕር ማዶ ለሚደረግ ትልቅ ውድድር አለፈ። የደጋፊዎች ማኅበሩ አርባ ሰው ለመላክ ተሰናዳና የአርባው ሰው ጣጣ ሁሉ በሊቀ መንበሩ፣ ማለትም በጋሽ ጥሩምባ ጫንቃ ላይ ወደቀ።

ሊበሩ አሥራ ሁለት ቀን ሲቀራቸው፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ አርባ ቢጫ የክትባት ካርዶች በላስቲክ አሥረው ፎቶ ኮፒ ቤት ገቡ። የጉዞ ወኪሉ ኮፒ አምጡ ብሏል። ማሽኑ በየአምስት ወረቀቱ እየታነቀ ይቆማል፤ ባለቤቷ ሆዱን ከፍታ የተጨማደደውን ወረቀት እየጎተተች ታወጣለች፤ ወረፋው እስከ በሩ ደርሷል።

«እንዴት አደሩ ጋሼ?» የሚል ድምፅ ከኋላቸው መጣ።

ዞር ሲሉ በጤና ጣቢያው ክትባት ክፍል የምትሠራው ነርስ ናት። ዳዴ ስትል ጀምሮ ያውቋታል፤ መጀመሪያ የተኛችበትን አልጋ የሠሩት እሳቸው ናቸው።

«አንቺ ሲስተር! ጠፋሽ እኮ። ጤነኛ ሰው አልጠይቅም ብለሽ ማልሽ እንዴ?»

«የእኔ ደንበኛ ጤነኛው ነው ጋሼ። እሱ አልመጣ ብሎ ነው እንጂ እኔማ መርፌዬን ይዤ በር በሩን እያየሁ ነው።»

መርፌ ሲባል ጋሽ ጥሩምባ ትከሻቸው ትንሽ ሰበር አለ። ሲስተር ግን አላየችም። ካርዶቹ ከላስቲኩ ሲያፈተልኩ አይታ «ይስጡኝ ልደርድርልዎት» ብላ ተቀበለቻቸው። አንዱን ገለጠች፤ ሁለተኛውን ገለጠች፤ ሦስተኛውን ስትገልጥ እጇ ባለበት ቀረ።

«ጋሼ፣ እነዚህን ካርዶች ማን ሰጠዎት?»

«ጉዳይ አስፈጻሚው ነዋ! ያ ‹ፈጣኑ› የምንለው። ፓስፖርቱን ሰብስቤ ሰጠሁት፣ በሦስተኛው ቀን ካርዱን ይዞ ከች አለ። ሥራ ማለት እንደሱ ነው።»

«እናንተስ? ተከተባችሁ?»

ጋሽ ጥሩምባ ግራ ቀኝ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «መከተቡን እንኳ... ያው ጊዜ አጠረን። አርባ ሰው ወረፋ ከማቆም ብዬ ነው።»

«እስቲ መነጽርዎን ያድርጉና የፈረመውን ሰው ስም ያንብቡልኝ።»

መነጽራቸውን ከደረት ኪሳቸው አወጡ። ቀስ ብለው አነበቡ፤ ፊታቸውም በራ። «ይቺማ የእናንተ ዋና ነርስ አይደለችም? ያቺ ረጅሟ፣ ሳቂታዋ። ደግ ሴት ነበረች፣ ነፍሷን ይ...»

ቃሉ አፋቸው ላይ ቀረ።

«መቼ ነው ያረፈችው ጋሼ?»

«ክረምቱ ሊገባ ሲል።»

«ካርዱ ላይ ያለው ቀንስ?»

ቀኑን አነበቡ። የባለፈው ወር ነው። ሌላውን ካርድ ከፈቱ፤ ያው ቀን፣ ያው ፊርማ፣ ያው የክትባት ቁጥር። አሥረኛውን ከፈቱ። ሃያኛውን ከፈቱ።

«ማኅተሟ ከመሳቢያዋ ከጠፋ አምስት ወሩ ነው፤ ስንፈልገው ከረምን» አለች ሲስተር። «ጋሼ፣ የሬሳ ሳጥኗን የሠራው ማን ነበር?»

ጋሽ ጥሩምባ መነጽራቸውን አወለቁ። ሳጥኑን የሠሩት እሳቸው ናቸው። ሴትየዋ ቁመቷ ረጅም ስለነበር የተቆረጠው ጣውላ አልበቃ ብሎ ሌላ መቀጠላቸው፣ ክዳኑ አልገጥም ሲል ሁለት ጊዜ መላጋቸው፣ የመጨረሻዋን ምስማር ሲመቱ እጃቸው መሳቱ ሁሉ መጣባቸው። በገዛ እጃቸው ክዳን የዘጉባት ሴት፣ ከተቀበረች በኋላ ተነሥታ አርባ ጊዜ ፈርማላቸዋለች። እነሱም ያንን ፊርማ ይዘው ባሕር ሊሻገሩ ነው።

«የፈጣሪ ያለህ!» አሉና ጠረጴዛውን ተደገፉ። የፎቶ ኮፒ ቤቷ ባለቤት ሮጣ በርጩማ አቀረበች። «ምን ሆኑ? ማሽኑ አናደደዎት እንዴ?» አለች።

የአናጢ ቤቱ ከዚያ መቶ እርምጃ አይርቅም። ሲስተር ክንዳቸውን ደግፋ ወሰደቻቸው። በሩ ላይ ጎረቤታቸው ፀጉር አስተካካዩ ይጠብቃል። ራሱ እንደ መስታወት የሚያበራ መላጣ ስለሆነ የሰፈሩ ቀልደኛ ሁሉ ተስማምቶ «ጎፈሬ» የሚል ስም አውጥቶለታል። እሱም ከአርባዎቹ አንዱ ነው።

«ሰውዬ፣ ምን መስለሃል? ሙት ያየህ ትመስላለህ!» አለ።

«ሙት ነው ያየሁት» አሉ ጋሽ ጥሩምባ፤ የሚላግ እንጨት በተጋደመበት አግዳሚ ላይ ዝርፍጥ ብለው ነገሩን ነገሩት።

ጎፈሬ ግን በቀላሉ የሚደነግጥ ሰው አይደለም። ሰምቶ ሲጨርስ መላጣውን ዳበሰ። «ሲስተርዬ፣ ፈጣኑ ተሳስቷል፤ ፊርማውን በሌላ ፊርማ ያስለውጠዋል፣ በቃ። ቢጫ ካርድ እኮ ሰው ከሜዳ አስወጥቶ አያውቅም።»

«ይሄ ቀጥታ ቀይ ነው ጋሽ ጎፈሬ። ሐሰተኛ ሰነድ ነው፤ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ቢያዝ አርባ ሰው ትመለሳላችሁ። እኔን ያስደነገጠኝ ግን እሱ አይደለም። ካርዱ ባይያዝስ? ካለፋችሁስ?»

«ካለፍንማ ኳሳችንን እናያለን!»

«ያለ ክትባት አልፋችሁ እዚያ ሕዝብ መሐል ትገባላችሁ። ጋሼ፣ የምትሄዱበት አገር የማጅራት ገትር ክትባት ለምን የጠየቀ ይመስልዎታል?»

ጋሽ ጥሩምባ ራሳቸውን ሰብሰብ አደረጉ። የደነገጠ ሰው ብዙ ጊዜ ወደ ቁጣ ነው የሚሸሸው፤ እሳቸውም ከዚያ አላመለጡም። «ስሚኝ ልጄ። ማጭበርበሩ ነውር ነው፣ አምኛለሁ፣ ያ ልጅ ዋጋውን ያገኛታል። ነገር ግን እኛ ሐኪም ቤት አይደለም የምንሄደው፤ ኳስ ልናይ ነው። የምንገናኘውም ከጤነኛ ሰው ጋር ነው። የታመመ ሰው ስታዲየም ምን ይሠራል? ቤቱ ይተኛል።»

«ችግሩ እሱ ላይ ነው። የማጅራት ገትር ጀርም ምንም ባላመመው ሰው ጉሮሮ ውስጥ ተቀምጦ ሊጓዝ ይችላል። ሰውዬው አያውቅም፣ እናንተም አታውቁም። እዚያ ከስንት አገር የመጣ ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ ይቀመጣል፣ ይጮኻል፣ ይዘፍናል፤ ሲጮህ ከአፉ የሚፈናጠቀው ከፊት ያለው ሰው ላይ ነው የሚያርፈው። አንድ ክፍል ውስጥ አራት አምስት ሆናችሁ ታድራላችሁ። በአንድ ጠርሙስ ውኃ ትጠጣላችሁ። ቅርበትና ምራቅ፣ የሱ መንገድ ይኸው ነው።»

እንዲህ እያለች ዓይኗ ግድግዳው ላይ ወጣ። ከመጋዞቹ በላይ፣ ለብቻዋ በተመታች ምስማር ላይ፣ ጥሩምባው ተንጠልጥሏል። ነሐሱ እንደ ወርቅ ተወልውሏል፤ የአፉ ቀለበት ብቻ በስንት ዓመት ከንፈር በልዟል።

«ይሄን የሚነፉት እርስዎ ብቻ ነዎት አይደል?»

ጋሽ ጥሩምባ ጥያቄው ወዴት እንደሚሄድ አልጠረጠሩም፤ እንዲያውም ስለ ጥሩምባው ሲጠየቁ ቁጣቸው በረደ። «እኔ ብቻማ ብነፋው የማኅበር ጥሩምባ ምኑ ላይ ነው? ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት ከእኔ ይነሣና እስከ መጨረሻው አባል ይዞራል። እያንዳንዱ አንድ አንድ ጊዜ ይነፋል። ሥርዓታችን ነው! ደግሞ ማንም አይጠርገውም።»

«አይጠርገውም?»

«እንዴት ይጠርገዋል? የወንድሜን አፍ ተጸየፍኩ ማለት እኮ ነው። አንድ ጊዜ አንድ አዲስ አባል በመሐረብ ጠርጎ ነፋ። ወር ሙሉ ያናገረው የለም። አይደለም እንዴ ጎፈሬ?»

«አላናገርነውም፤ እኔ እንዲያውም ፀጉሩን ሳስተካክለው እንኳ ዝም ብዬ ነው» አለ ጎፈሬ በኩራት።

ሲስተር ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። በሥራዋ ብዙ ነገር አይታለች፤ እንዲህ ያለ ነገር ግን ሰምታም አታውቅም። «ኧረ በሕግ!» አለች በመጨረሻ። «አርባ ሰው! ባልተጠረገ አንድ ጥሩምባ! ያውም ሳትከተቡ! ጋሼ፣ ጀርሙን አንዱ ብቻ ይዞት ቢሆን ለሠላሳ ዘጠኙ በአንድ ሰዓት እንዲያድልላችሁ ሆን ብላችሁ ብታስቡበት ከዚህ የተሻለ መንገድ አታገኙም እኮ!»

«ሠላሳ ዓመት ነፋነው፤ ማን ሞተ?» አሉ ጋሽ ጥሩምባ፤ ቁጣቸው ተመለሰ።

«ሠላሳ ዓመት በራሳችሁ ሜዳ ነፋችሁት፤ ደህና ከረማችሁ፣ እሰየው። አሁን ግን የዓለም ሕዝብ ወደተሰበሰበበት ነው ይዛችሁት የምትሄዱት።» ወደ ፀጉር አስተካካዩ ዞረች። «ጋሽ ጎፈሬ፣ አንድ ምላጭ ለስንት ሰው ይጠቀማሉ?»

ጎፈሬ ተቆጣ። «ለአንድ ነዋ! ስሜን ልታጠፊ ነው እንዴ ጠዋት በማለዳ? ደንበኛው እያየ ነው ከወረቀቱ የማወጣው።»

«ለምን? ደንበኞችዎን ይጸየፏቸዋል?»

«መጸየፍ ሳይሆን... የአንዱ ደም ወደ አንዱ እንዳይሄድ ነው። ደንበኛዬን ስለማከብረው ነው እንጂ...» አለና ቀና አለ። ጥሩምባውን አየ፤ ጋሽ ጥሩምባን አየ። «አይ» አለ ቀስ ብሎ፣ «አሁን እኮ ሲስተር በራሴ ምላጭ ላጨችኝ።»

«አንተማ የሚላጭ ነገርም የለህ!» አሉ ጋሽ ጥሩምባ። አልሳቁም ግን። ወዳጃቸው በአንድ ጥያቄ ከእጃቸው ሲወጣ ማየቱ ከንክኗቸዋል።

ሲስተር በክፍቱ በር ወደ ማዶ አየች። ከመንገዱ ባሻገር የመስታወት ቆራጩ ሱቅ አለ። የባለ ሱቁ ልጅ፣ ሃያ አምስት ዓመት የሚሆነው ወጣት፣ ጓንት አድርጎ አንድ ትልቅ መስታወት ግድግዳ ላይ ያስደግፋል።

«ያንን ልጅ ያውቁታል?»

«ያንን ጥጋበኛ? ተይው እስቲ። ድሮ ጨዋ ነበር። ውጭ አገር ደርሶ ከመጣ ወዲህ ሰላምታ እንኳ አይመልስም። ባለፈው ሰሞን ጣውላ የጫነ መኪና ወደኋላ ሲመጣበት ‹ዞር በል!› ብዬ ጮህኩበት፤ አንገቱን እንኳ አላዞረም። ሾፌሩ ባያየው ኖሮ አልቆለት ነበር። ንቀት ነው! ከዚያን ቀን ወዲህ እኔም ፊት ነስቼዋለሁ።»

«አይሰማም እኮ ጋሼ።»

«ምን?»

«አይሰማም። ሁለቱም ጆሮው አይሠራም።»

ጋሽ ጥሩምባ ወደ መንገዱ ማዶ ዞሩ። የሙጫው ጣሳ ምድጃው ላይ ቡልቅ ቡልቅ ይላል።

«የታካሚን ነገር ከአፌ የማወጣ ሰው አይደለሁም» ቀጠለች ሲስተር፤ «እሱ ራሱ ‹ለሚሄድ ሰው ሁሉ ንገሪ› ብሎ አደራ ስላለኝ ነው። ከዓመት ተኩል በፊት ከሠራተኞች ስፖርት ውድድር ጋር ጎረቤት አገር ሄዶ ነበር። ክትባቱን ‹ስመለስ› አለ። በተመለሰ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ራሱን አመመው፤ ጉንፋን ነው ብለው ተዉት። እኩለ ቀን ላይ ትኩሳቱ ነደደ፣ አስመለሰው፣ ብርሃን አላይ አለ፣ አንገቱ እንደ እንጨት ደረቀ። ፀሐይ ስትጠልቅ የገዛ እናቱን ‹ማነሽ?› አላት። የት እንደያዘው በእርግጥ እናውቃለን ልልዎት አልችልም። ሕክምና ደርሶለት ነፍሱ ተረፈች፤ ጆሮው ግን አልተመለሰም። አባቱ ሰው እንዳያዝንበት ብሎ ለማንም አልነገረም።»

ጋሽ ጥሩምባ ተነሡ። እንዴት እንደተነሡ ራሳቸውም አያውቁትም። ሰጋቱራ ከሱሪያቸው እየረገፈ መንገዱን ተሻገሩ። ዓመት ተኩል ሙሉ «ጥጋበኛ» ሲሉት፣ በፀጉር ቤቱ ሲያሙት፣ ሲያልፍ ፊታቸውን ሲያዞሩበት የኖሩት ልጅ መስታወቱ ውስጥ ጥላቸውን አይቶ ዞረ፤ ፈገግ አለና እጅ ነሣ። ለካ ሰው ሲያይ ሰላም የሚል ልጅ ነው! እሳቸው ሁልጊዜ ከኋላው ነበር የሚጮኹት።

«ይቅርታ አድርግልኝ» አሉ። ልጁ ከንፈራቸውን እያየ ግራ ተጋባ። የመስታወት ምልክት የሚያደርግበትን ወፍራም እስክሪብቶ ከጆሮው ላይ አውርዶ ከቁራጭ መስታወት ጋር አቀበላቸው። ጋሽ ጥሩምባ ጻፉ፦ «አለመስማትህን አላወቅሁም ነበር። ይቅርታ።»

ልጁ አነበበና ራሱን ነቀነቀ። መስታወቱን ተቀብሎ ከሥሩ አንድ መስመር ጨመረ፦ «የእርስዎን ጥሩምባ ድሮ እሰማው ነበር፤ ደስ ይለኝ ነበር።»

ጋሽ ጥሩምባ «ድሮ» የምትለዋን ቃል አልፈው ማንበብ አቃታቸው።

ቁራጯን መስታወት እንደያዙ ተመልሰው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ጎፈሬ ሙጫውን ማማሰል ጀምሯል።

«ሲስተር፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ጎፈሬ፣ አንተ ደግሞ ብትስቅ ዛሬ እንጣላለን። ጊዜ አጠረን ያልኩት ውሸት ነው። ጊዜ ነበረን።» መሮ የጠረባቸውን፣ ምስማር የወጋቸውን ጠባሳም ጣቶቻቸውን አዩ። «መርፌ እፈራለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ። ሊቀ መንበሩ መርፌ ፈርቶ ሲንቀጠቀጥ አባል ሁሉ ከሚያይብኝ ብዬ ነው ለፈጣኑ የሰጠሁት። ለእኔ አንድ ፍርሃት ስል ሠላሳ ዘጠኝ ሰው...»

ጎፈሬ አልሳቀም።

«ጋሼ፣ መርፌ የሚፈራ ሰው በየቀኑ አያለሁ፤ ወታደር አይቼ አውቃለሁ እራሱን ሲስት» አለች ሲስተር። «አሁን ዋናው ቀኑ ነው። ክትባቱ ሰውነት ውስጥ ሥራውን ለመሥራት ቢያንስ አሥር ቀን ይፈልጋል። የቀራችሁ አሥራ ሁለት ነው። ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ካልተከተባችሁ ጊዜው አልፏል።»

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አባላቱ ሁሉ በአናጢ ቤቱ ተጠሩ። ጋሽ ጥሩምባ ጣውላ ላይ ቆመው የሆነውን ሁሉ ሳያስቀሩ ተናገሩ፤ የሟቿን ፊርማ፣ ሳጥኗን፣ የልጁን ጆሮ፣ የመርፌውንም ፍርሃት። ከኋላ አንዱ «አሁን ካርዱ አለ አይደል? ማን ያየዋል?» ሲል፣ ሲስተር አፏን ከመክፈቷ በፊት ጎፈሬ ተነሣና «ነገ አምስት ሰው የተላጨበት ምላጭ ላምጣልህ?» አለው። ሰውዬው ተቀመጠ። ካርዶቹን ጋሽ ጥሩምባ ራሳቸው ከሲስተር ጋር ጤና ጽሕፈት ቤት ወስደው አስረከቡ፤ ካርዱን ማን እንዳመጣውም ቃላቸውን ሰጥተው ፈረሙ። ኃላፊው በሰው ፊት ክፉኛ ተቆጣቸው። ቆመው ሰሙት፤ ተገቢያቸው ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ወረፋው ላይ የመጀመሪያው ሰው ጋሽ ጥሩምባ ነበሩ። እጅጌያቸውን ሰብስበው ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ከንፈራቸው እንደ ወረቀት ነጥቷል።

«ሲስተር፣ ስትጀምሪ ንገሪኝ።»

«ጨርሻለሁ እኮ።»

አንድ ዓይናቸውን ገለጡ። «ይቺ ናት? ለዚች ነው ሙት ያስፈረምኩት?» አሉ፤ ክፍሉ በሳቅ ተሞላ።

ወረፋው ሲሄድ ሲስተር እየከተበችና አዲሱን ቢጫ ካርድ እየፈረመች አፏም አላረፈም። ጎፈሬ የስኳር ሕመም እንዳለበትና መድኃኒቱን በሚጫነው ትልቅ ሻንጣ ውስጥ እንደቀበረው ሲነግራት መርፌዋን አስቀምጣ አየችው። «ሻንጣው ሌላ አገር ቢሄድስ? መድኃኒቱ ከእጅዎ ከረጢት አይወጣም፣ የሐኪሙ ወረቀትም አብሮ፤ ከሚቆዩበት ቀን በላይ የሚበቃ ይያዙ።» ሌላው ስለ ውኃ ሲጠይቃት ክዳኑ ያልተከፈተውን ብቻ እንዲጠጣ፣ ጠርሙሱ ላይ ስሙን እንዲጽፍበትና ለወንድሙም እንዳያውሰው ነገረችው። ከመብል በፊት እጅ መታጠብ፣ ተቅማጥ ከያዘ የሚበጠበጠውን ጨው ቶሎ መውሰድ፣ በፀሐይ ኮፍያ፣ በሚሳል ሰው መሐል ጭምብል። አንድ ወጣት «በሩ ላይ ግፊያ ቢነሣስ?» ሲላት ግን ሥራዋን አቁማ መለሰችለት። «ከሕዝቡ ጋር አትታገል፣ ወደ ጎን ወደ ጎን ውጣ። የወደቀ ዕቃ አታንሣ። ብትጠፋፉ የምትገናኙበትን ቦታ ከመግባታችሁ በፊት ቁረጡ።»

ሥርዓቱስ? ጥሩምባው ምን ይሁን? ይሄን የፈታው የተማረ ሰው አይደለም፤ ራሳቸው ጋሽ ጥሩምባ ናቸው። በቀሩት ቀናት የእንጨት መቅረጫ ማሽናቸው አላረፈም። ከጠንካራ እንጨት አርባ ትንንሽ ጥሩምባ አወጡ። በእያንዳንዱ ላይ የባለቤቱን ቁጥር በጋለ ብረት ተኮሱበት። ለአባላቱ ሲያድሉም እንዲህ አሉ፦

«ድሮ አንዱ ሲነፋ ሠላሳ ዘጠኛችን ዝም ብለን እናይ ነበር። አሁን ሁላችን በአንድ ላይ እንነፋለን። የራስህን ለሰው አትስጥ፣ የሰው አትቀበል፣ ማታ ማታ እጠበው። የሚጠርግ ሰው ንቆን አይደለም፤ አስቦልን ነው። ያንን መሐረብ ያወጣ ልጅ የታለ? ወር ሙሉ ያኮረፍነው? ና፣ አንደኛው ቁጥር ያንተ ነው።»

ልጁ አፍሮ ወጣ። ጎፈሬ ቀድሞ አቀፈው።

ሄዱ። ሦስት ለዜሮ ተሸነፉ። በሁለተኛው ቀን ጎፈሬ በግፊያ መሐል ሻንጣው ጠፋበት፤ መድኃኒቱ ግን ከእጁ ከረጢት ውስጥ ነበር። ሁለቱን ሆዳቸውን አመማቸው፤ ጨዉን ጠጥተው በማግሥቱ ተነሡ። ከሁለት ሳምንት በኋላ አውቶቡሱ እኩለ ቀን ላይ አናጢ ቤቱ ፊት ሲቆም ሲስተር መንገድ ዳር ቆማ ትጠብቅ ነበር።

ጋሽ ጥሩምባ ከደረጃው ሳይወርዱ ጮኹ። «ሲስተር! አርባ ሄድን፣ አርባ መጣን!»

«ኳሱስ?»

«ኳሱን ተዪው! ኳሱ ይመለሳል፤ ለከርሞም አለ።» ቢጫ ካርዳቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አሳዩአት። «አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ፖሊሱ ፊርማሽን አይቶ ‹ይቺን ሴት ያውቋታል?› አለኝ። ‹አሳምሬ! በሕይወት አለች› አልኩት። ምን ማለቴ እንደሆነ አልገባውም።»

«አሁንም አልጨረሳችሁም» አለች ሲስተር እየሳቀች። «በሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት ትኩሳት ወይም ጠንካራ ራስ ምታት የሚሰማው ሰው ጉንፋን ነው ብሎ ቤቱ አይተኛ። በዚያው ሰዓት ጤና ጣቢያ ይምጣ፤ የት ደርሶ እንደመጣም ይንገር።»

«ሰማችሁ?» አሉ ጋሽ ጥሩምባ ወደ አውቶቡሱ ዞረው። «አንዱ ተጠንቅቆ ሲኖር የሚድነው እሱ ብቻ አይደለም። በሱ ጤና ቤቱ ጤና ያድራል፣ ሰፈሩ ጤና ያድራል፤ እኔም ሳጥን ከምሠራ አልጋ ብሠራ ይሻለኛል። በሉ፣ ጥሩምባችሁን አውጡ!»

አርባው የእንጨት ጥሩምባ በአንድ ጊዜ ተነፋ። ውሾች ጮኹ፣ የፎቶ ኮፒ ቤቷ ሴትዮ በሩ ላይ ወጣች፣ መንገደኛው ሁሉ ቆመ። ከማዶ፣ መስታወት ቆራጩ ወጣት ለመስኮት የቆረጠውን ሰፊ መስታወት በሁለት እጁ አቁሞ ይዞ ነበር። መስታወቱ በመዳፎቹ ውስጥ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ደነገጠና ቀና አለ፤ አውቶቡሱን አየ፣ ያበጡትን ጉንጮች አየ፣ እንደገና መዳፎቹን አየ።

ከዚያ መስታወቱን ግድግዳው ላይ አስደግፎ እስክሪብቶውን ከጆሮው ላይ አወረደ። በትልቁ፣ ከመንገዱ ማዶ በሚነበብ ጽሕፈት፣ አንዲት ቃል ጻፈበት፦

«ሰማሁ።»